ሾላ በድፍን

«ሾላ በድፍን» ይላል ያገሬ ሰው። ውስጡ ሳይታይና ሳይመረመር እንዳለ የሚዋጥ ነገር ሲገጥመው ነው። ሾላ የበላ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ፍሬውን ከፈት አድርጎ ያየ ሰው የመብላት ፍላጎቱ ይጠፋል፤ ውስጡ በጥቃቅን ነፍሳት የተሞላ ነውና። ስለዚህ መፍትሔው አለመክፈት ነው። ድፍኑን ወደ አፍ!

እኔ ይህን አነጋገር ክፍል ውስጥ ቆሜ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ፈሊጥ ነው ብዬ ተንትኜዋለሁ፣ ለፈተናም አውጥቼዋለሁ። ሾላ ግን በልቼ አላውቅም ነበር። ከዋርካ ለይልን ብትሉኝ ኖሮ እንኳ አልችልም። እንደ ማንኛውም የከተማ ልጅ ሾላ ሲባል ትዝ የሚለኝ ገበያው ነው፣ ካልሆነም ወተቱ። በአጭሩ ሾላን ያስተማርኩት ሾላ በድፍን ነበር።

ይህን ጉድ ያወጣብኝ አንድ የፓርክ ጥበቃና አንዲት የይፋት እናት ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በጥር 2011 ዓ.ም. የድሮ ተማሪዎቼ ሰብሰብ ብለው «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ከመጽሐፍ ውጭ ያለ አገር እናሳይዎት» አሉና ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይዘውኝ ሄዱ። ሳላዎቹን በሩቁ አየን፣ ፏፏቴው ዳር ፎቶ ተነሳን፣ ምሳችንን በላን። ከዚያ ወንዙን ተከትለን ስንንሸራሸር ከመካከላችን አንዷ ፍሬው የተንዠረገገ የቁርቁራ ዛፍ አየች። (ጎጃምና ጎንደር ያላችሁ ገባ የምትሉት ነው።) አዋቂ የተባልን ሰዎች፣ ባለ ዲግሪዎች፣ ባለ ትዳሮች፣ በአንድ ጊዜ ሕፃን ሆንን። አንዱ ቅርንጫፍ ያወዛውዛል፣ ሌላው ይለቅማል፣ እኔ ባርኔጣዬን ዘርግቼ እቀበላለሁ። የምሳችን ፌስታልም ሥራ አገኘ።

ጠመንጃውን ያነገተ አንድ ስካውት ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለ።

«ይሄ አይቻልም» አለ፣ ሳይቆጣ።

ሁላችንም ጠበቃ ሆንን። «ለቀምን እንጂ አልቆረጥንም»፣ «የወደቀውን ነው እኮ»፣ «ሁለት እፍኝ ቁርቁራ አገር ያፈርሳል እንዴ?» አንደኛዋማ ወዲያ ማዶ የሚርመሰመሱትን ዝንጀሮዎች እያሳየች «እነሱስ ትኬት ቆርጠው ነው የገቡት?» አለችው። ሳቅን። ስካውቱም ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ዝንጀሮው የበላውን ዘር እዚሁ ነው የሚጥለው። እናንተ አዲስ አበባ ወስዳችሁ አስፋልት ላይ ነው የምትተፉት።»

በማስተማር ዘመኔ ብዙ ሂስ ሰምቻለሁ፣ ብዙም ጽፌያለሁ። እንዲህ አጭርና እንዲህ ሙሉ የሆነ ግን አልገጠመኝም። ሰውየው በዚህም አላበቃ። «ደግሞ ያካባቢው ልጅ በጣሳ ለቅሞ ሲወጣ እመልሰዋለሁ። እናንተን ካሳለፍኩ ነገ ለሱ ምን እለዋለሁ?»

ባርኔጣዬን ገለበጥኩ። ፌስታሉም ተራገፈ።

*

በመልሱ መንገድ ክርክሩ መኪናው ውስጥ ቀጠለ። ግማሹ «ሕግ ሕግ ነው» ይላል። ግማሹ «ተፈጥሮ የሁሉም ናት» ይላል። አንድ ሰው ብቻ ዝም አለ። የሸዋሮቢት ልጅ ነው። ከዛፉ ሥርም ሳንጋጋ እሱ ቆሞ ያየን ነበር እንጂ አልለቀመም። ዝምታው አንድ የረሳሁትን፣ ይልቁንም ረስቼዋለሁ ያልኩትን ቀን አስታወሰኝ።

በ1991 ዓ.ም. ነው። ክፍል ውስጥ አንድ የቃል ግጥም እየተነተንን ነበር፤ ወዳጁን በእንኮይ የመሰለ ሰው የተናገረው። እኔ እንደ ልማዴ ስለ ውበት፣ ስለ ጣፋጭነት፣ ስለ ዘይቤ አወራሁ። ይሄ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እንኮይ እኮ ጎምዛዛ ነው። ሲበዛ አፍ ይይዛል። ሰውየው ጣፋጭ ናት ያለ አይመስለኝም። እያማረች የምታስቸግር ናት ያለ ነው የሚመስለኝ» አለ። ከዚያም፣ ማስረጃ መስጠቱ ነው መሰል፣ «እኛ አገር በችግሩ ጊዜ ብዙ በልተነዋል» ብሎ ጨመረ።

ክፍሉ ሳቀ። «የዝንጀሮ ምሳ!» ያለም ነበር። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ፣ አሁን ከእረኝነት ወደ ሥነ ጽሑፍ እንመለስ» አልኩ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። ልጁ ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም እጁን አላወጣም።

ውድ አንባቢ፣ ልብ በሉልኝ። የዚያን ቀን ግጥሙን በትክክል ያነበበው ሰው እሱ ብቻ ነበር። እንኮዩን ቀምሶ ስለሚያውቀው ነው ያነበበው። እኔ ያነበብኩት የመዝገበ ቃላቱን እንኮይ ነው።

*

ከአዋሹ ጉዞ ሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሸዋሮቢት ወረድን፤ እናቱ ዘንድ። ጣርማበር ላይ ጣሊያን ያስቆፈረውን ዋሻ ስታልፉ አገሩ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል። ደብረ ሲና ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አታዬ የሚባሉት ወንዞች ከመንዝና ከጣርማበር ደጋ እየወረዱ ይፋትን ያጠጡና ወደ አዋሽ ይጓዛሉ። እናም ያ የተከለከልነው ቁርቁራ የሚጠጣው ውኃና የይፋት ቁርቁራ የሚጠጣው ውኃ አንድ ተፋሰስ ነው። (ያ መንገድ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያየው መከራ የራሱ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነው።)

ይፋት የፍሬ አገር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ተቀምጦ ስለ ኢፋት ሱልጣኔት የጻፈው አል-ዑመሪ እንኳ ያገሩን ፍራፍሬ ከጫቱ ጋር ሳይዘረዝር አላለፈም። ዛሬም መንገዱ ዳር ፓፓያው፣ ሙዙ፣ ሽንኩርቱ ተደርድሯል። የዱሩ ፍሬ ግን ከፊት አይቀመጥም። ከመደቡ ኋላ አንዲት ሕፃን ቁርቁራ ይዛ በብርጭቆ እየሰፈረች ትሸጣለች። ደንበኞቿም ሕፃናት ናቸው።

እናትየው እንደ ይፋት ወግ ተቀበሉን። ምሳ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ፣ ፓፓያና ሙዝ ተከተለ። እኔ ዓይኔ በሩ አጠገብ ያለች ስፌት ላይ አርፏል። «እናቴ፣ ከዚያ ከቁርቁራው አይሰጡኝም?» አልኳቸው።

«ኧረ መምህር ያሳፍራል! ይሄ የልጆች ነው፤ ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ?»

ልጃቸው መሬት መሬት አየ። እኔ ግን ሙጭጭ አልኩ። በመጨረሻ እያቅማሙ በሣህን አቀረቡልኝና ትንሽ ዝም ብለው ቆይተው «በሰባ ሰባት ግን ይሄ ነው ያሻገረን» አሉ። «ቁርቁራው፣ ሮቃው፣ እንኮዩ… እሱን አዝዬ ዛፍ ለዛፍ ነበር የምዞረው። ዛፉ ባለቤት የለውም። ሰው ግን አንዱ ለአንዱ ይተው ነበር። ቅርንጫፍ የሰበረ ይረገማል።»

በ1977 ዓ.ም. ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1991 ክፍል ውስጥ «በልተነዋል» ያለኝ ይህንን ነው። እኔ ያሳቅሁበት ይህንን ነው።

*

እንግዲህ ሂሴን ከራሴ ጀምሬያለሁና ወደ ሌላው ልለፍ።

የመጀመሪያው ወቀሳ ለቋንቋችን ነው። ከዱር ያወጣናቸውን ቃላት ተመልከቱ። ሥርዓት የሌለውን ሰው «ዱርዬ» እንላለን። አባቱ ያልታወቀውን፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ» እንላለን። የቁርቁራን ዘር ወፍና ዝንጀሮ ባይዘሩት ኖሮ ማን ሊዘራው ነበር? ተረታችንም ያው ነው። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ስንል የአጋሙን እሾህና የቁልቋሉን ወተት እናስታውሳለን። የአጋም ፍሬ ጥቁር ሆኖ ሲበስል ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ግን ለእረኛው ትተንለታል። እሾሁ ለተረት፣ ፍሬው ለእረኛ።

ሁለተኛው ወቀሳ ለእኛ ለብዕር ሰዎች ነው። በጽሑፎቻችን ውስጥ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ አለ፣ ፍቅረኛሞች የሚጠለሉበት ሾላ አለ፣ ከንፈር የሚመሰልበት እንኮይ አለ። ዛፉ የመድረክ መጋረጃ ነው። የሚበላ ሰው አይታይም። የሚበላው ሰው ሲመጣም ረሃብተኛ ሆኖ ነው የሚመጣው። እረኛ ጠግቦ ሳለ፣ ደስ ብሎት፣ ለጨዋታ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲበላ የምናሳየው ስንቴ ነው? ቅዱሳት መጻሕፍቱ እንኳ ከእኛ ይሻላሉ። ነቢዩ አሞጽ ከብት ጠባቂና የዛፍ ፍሬ ለቃሚ መሆኑን ሳያፍር ይናገራል። ዛፉም ይኸው የሾላ ዘር ነው። እሱ ባለበት አካባቢ ሾላን የምታዳቅለው ጥቃቅን ተርብ ስለሌለች ፍሬው እንዲበስል በስለት መሰንጠቅ ነበረበት ይባላል። የእኛ አገር ሾላ ተርቧ አብራው ስላለች ይህን ሁሉ ድካም አይጠይቅም። ከፍተን ስናይ የሚዘገንነን ያ ነፍሳት ለካ የዛፉ አዋላጅ ነው። ሾላውን በድፍኑ የሚውጥ ሰው ይህን መቼም አያውቅም።

ሦስተኛው ወቀሳ ለምሁራንና ለፕሮጀክት ሰዎች ነው። ሥራቸውን አላጣጥልም። በ2003 ዓ.ም. ኤርምያስ ሉሌቃልና የሥራ ባልደረቦቹ እስከዚያ ድረስ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው በኢትዮጵያ የሚበሉ 413 የዱር ዕፅዋት ዝርያዎችን ቆጥረዋል። 413! እኔ አስር መጥራት አልችልም። ችግሩ እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደ ዘገባ ሲገባ «የረሃብ ጊዜ ምግብ» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ መከተቱ ነው። ሰው ሲቸግረው ብቻ የሚበላው አለ፤ ቀቅሎ፣ መራራውን አውጥቶ፣ ልጁን እያባበለ። በጥጋብም በረሃብም የሚበላው ደግሞ አለ፤ ቁርቁራና አጋም እንዲህ ናቸው። ሮቃም በውኃ ተዘፍዝፎ ሲጠጣ የቆላ ሙቀት ማብረጃ ነው። ሁለቱን ሲደባልቁት የይፋት እናት ቁርቁራዋን ለእንግዳ ማቅረብ ታፍራለች፤ ድህነቷን ያቀረበች ይመስላታል። «የዱር ፍሬ ከረሃብ ያወጣናል» የሚለው ወሬም ያሳስተናል። ፍሬ እህልን አይተካም። በሰባ ሰባት ብዙ ሰው ፍሬ እየለቀመም አልቋል።

*

አሁን ወደ ስካውቱ ልመለስ። ሰውየው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?

አዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1961 በሕግ ታወጀ፤ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከረዩውና አፋሩ ከብት ያሰማሩበት ነበር። ፓርኩ ባንድ በኩል፣ የስኳር እርሻው በሌላ በኩል ሲመጡ አርብቶ አደሩ ከወንዙም ከሣሩም ተገፋ። ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች፣ የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 541ም ሆነ ደንብ ቁጥር 163፣ መንፈሳቸው ግልጽ ነው። በፓርክ ክልል ማረስ፣ ማሰማራት፣ ዕፅዋት መቁረጥ ክልክል ነው። እንግዲህ ባርኔጣ ይዞ የሚያንጋጥጥ የአዲስ አበባ ሰው «ተፈጥሮ የሁሉም ናት» ሲል ይህን ታሪክ ማስታወስ አለበት። የአካባቢው ሰው ከብቱን እንዲያወጣ የታዘዘበት ቦታ ነው። ለእሱ ያልሆነች ተፈጥሮ ለእኔ ሽርሽር ልትሆን አይገባም። ስካውቱ ትክክል ነበር።

ሆኖም ክልከላ ብቻውን ዛፍ አያኖርም። ከፓርኩ አጥር ውጭ ምን እየሆነ ነው? ውስጥ አንድ እፍኝ ቁርቁራ ያስጠይቃል፤ ውጭ ዛፉ ራሱ ከሰል ሆኖ በማዳበሪያ ከረጢት መንገድ ዳር ይቆማል። ያንን ከሰል የምንገዛው ደግሞ እኛው ነን፤ ከፓርክ ስንመለስ! በአዋሽ ሸለቆ በኩል የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍም ከብት በበላው ፍሬ እየተዘራ ያገሩን ዛፍ ቦታ እየወሰደ ነው። «አትንካ» የሚል ሠሌዳ ከሰሉንም ፕሮሶፒስንም አያቆምም።

ታዲያ በ«አትንካ» እና በ«እንደ ልብህ» መካከል ሌላ መንገድ የለም? አለ እንጂ። ያውም የቆየ። ባላገር እሸቱን ለመንገደኛ አይከለክልም፤ ቆርጠህ ብላ ይላል። ጭነህ ከሄድክ ግን ሌባ ነህ። ኦሪቱም በጎረቤትህ ወይን ቦታ ገብተህ እስክትጠግብ መብላት ትችላለህ፣ በዕቃህ ግን አትጨምር የሚል ሕግ አለው። በእስልምናም የተቸገረ መንገደኛ ከፍሬው በልቶ ቋጥሮ እስካልወሰደ ድረስ አይወቀስም የሚል ትምህርት አለ። ይፋት ሁለቱም ሃይማኖቶች ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው፤ ይህን ለማስታረቅ ዳኛ አያስፈልገውም። ሆድ ይፈቀዳል፣ ፌስታል ይከለከላል!

ከይፋት ቀና ብላችሁ ስታዩ ደግሞ መንዝ አለ፤ ጓሳ አለ። የመንዝ ሰው ያንን የጓሳ ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆየው ቀሮ በሚባለው ሥርዓቱ ነው። ቦታው እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ሽማግሌዎችና የተመረጡ አለቆች ይጠብቁታል፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። ሕዝቡ በኋላ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ አነሣው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ አሉ። ሣሩም አለ፣ አጫጁም አለ።

የውጭውም ዓለም ቢሆን እንዲሁ ነው። ስዊድን ውስጥ በዱር የበቀለ እንጆሪ መልቀም የማንም ሰው መብት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ዕፅዋት መንካት በመርህ ደረጃ ክልክል ቢሆንም፣ የፓርኩ ኃላፊ የትኛው ፍሬ፣ ምን ያህል፣ ከየትኛው አካባቢ በእጅ ተለቅሞ ሊበላ እንደሚችል ለይቶ መፍቀድ ይችላል። መሸጥ ግን አይቻልም። እኛስ? በፓርኩ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ የትኛውን ፍሬ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ጣሳ ይልቀም ብሎ ተቀምጦ መነጋገር ያን ያህል ይከብዳል? ለጎብኚውስ ሠሌዳው ላይ «አትንካ» ከሚለው በላይ የዛፉን ስም መጻፍ ያን ያህል ያስወጣል? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ። ስሙን የማያውቁትን ነገር ማክበር አስቸጋሪ ነው። እኔ ምስክር ነኝ።

*

ያን ቀን ሸዋሮቢት ከመለያየታችን በፊት ልጁን ለብቻ ወሰድ አደረግሁትና የ1991ዱን ነገር አነሳሁበት። ይቅርታ ጠየቅሁት። እጁን አወዛወዘ። «ኧረ ጋሼ፣ እሱን ያስታውሳሉ እንዴ? እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለ።

ዋሸኝ። አልረሳውም። ቃሉን እንኳ አልጠየቀኝም፤ የትኛው ቀን ነው አላለኝም። ቢሆንም ትልቅ ሰው ለማሳፈር አልፈለገም፤ ያኔ እኔ ያልሰጠሁትን እሱ ሰጠኝ።

ስንወጣ እናቱ ቁርቁራውን በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት። አሁንም ትንሽ አፍረዋል። «ለመንገድ ናት» አሉ። ደብረ ሲናን ሳንደርስ ጨረስነው። ዘሩን ግን በኪሴ አደረግሁ። ዳገቱን ከመጀመራችን በፊት መኪናውን አስቁሜ ከመንገዱ ራቅ ብዬ ቆላው ላይ በተንኩት። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ስካውቱ ቢያየኝ ግን የሚስቅ አይመስለኝም።